ሲሙሌሽን ያለፈው ቆጣሪ ቦርድ ላይ ለምን ይሳሳታል?

የመክፈቻው ጥያቄ

ይህ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መድረክ ላይ የተከፈተ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና 25 ምላሾቹ፣ ቅኝት ነው። ጠያቂዋ የሠራችው ከዜሮ እስከ 9 ቆጥሮ ወደ ዜሮ የሚመለስ ቆጣሪ ነው። በሁለት ቺፕ ውስጥ ያሉ አራት ዲ ፍሊፕፍሎፖች (እያንዳንዳቸው አንድ ቢት፣ 0 ወይም 1፣ የሚይዙ) አንዱ የሚቀጥለውን ክሎክ (የቆጠራ ምት መግቢያ) እየመታ በሰንሰለት ተያይዘዋል። ቁጥሩ 10 ሲደርስ ኪው3 እና ኪው1 (ኪው0 እስከ ኪው3 የአራቱ መውጫዎች ናቸው፤ ኪው0 ዝቅተኛው ቢት ነው) አንድ ላይ 1 ስለሚሆኑ ሁለቱን ናንድ ጌት (ሁለቱም መግቢያዎቹ 1 ሲሆኑ ብቻ 0 የሚያወጣ) ውስጥ አስገብታ መውጫውን 0 ሲደርሳቸው ፍሊፕፍሎፑን ወደ 0 ለሚመልሱት ለአራቱም የክሊር ፒኖች ሰጥታለች። ቁጥሩን የምታነበው በአራት ኤልኢዲ ነው። ሲሙሌተር ላይ የፈለገችውን ያህል ብታስኬደው አንዴም አልሳተም። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ግን ከ9 ቀጥሎ አንዳንዴ 8፣ አንዳንዴ 2 ይመጣል። አልፎ አልፎ ደግሞ 10ን ጭራሽ እንዳላየ ያልፍና እስከ 15 ይቆጥራል። ሽቦውን ሁሉ ነቅላ እንደገና ሰክታለች፤ ለውጥ የለም። ሎጂኩ ትክክል ከሆነ የሚሳሳተው ምኑ ነው ብላ ጠየቀች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ አይገጥምም። አይሠራም ብሎ ፎቶ ለጥፎ ከሚጠፋው ይልቅ ከ9 ቀጥሎ የሚመጣው 8 ወይም 2 ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው የመላሹን ሥራ ግማሹን ሠርቶለታል። እውነቱን ለመናገር መልሱ እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ ነበር። ክሩ ግን እዚያ ለመድረስ ብዙ ዞሯል።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መልስ የመጣው መድረኩ ላይ ጋሼ እየተባሉ ከሚጠሩ አንጋፋ ቴክኒሻን ነው። ሰላምታ አቅርበው፣ አሠራሯን አመስግነው፣ ስለ ዲዛይኑ ከመነጋገር በፊት ኤሌክትሪኩ ይጣራ አሉ። ቮልቴጁ የሚለካው ብሬድቦርዱ ዳር ባለው መስመር ላይ ሳይሆን በራሱ በቺፑ እግር ላይ፣ 14ኛውና 7ኛው ፒን መካከል ነው። በረጃጅም ብሬድቦርዶች ላይ የዳሩ የኃይል መስመር ብዙ ጊዜ መሃል ላይ የተቆረጠ ስለሆነ ግማሹ ሰሌዳ ኃይል ሳያገኝ ይቀራል። በየቺፑ አጠገብ ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር መኖሩንም ጠየቁ። ፍሊፕፍሎፖች ሲገለባበጡ ለአፍታ የሚስቡት ከረንት ቮልቴጁን ስለሚያንገጫግጨው፣ ካፓሲተሩ ከሌለ ስህተቱ ዛሬ አንድ ቦታ ነገ ሌላ ቦታ ይታያል።

ምላሽ 2

ጋሼ ባሉት ተስማምቶ ፍሊፕፍሎፑን ወደ 1 የሚያስገድዱትን የፕሪሴት ፒኖችን አስታወሰ፤ 4ኛውና 10ኛው። እነዚህ ወደ 5 ቮልት ካልታሰሩ በኤልኤስ ቺፕ ላይ (ኤልኤስና ሲሞስ የተለያዩ የቺፕ ቤተሰቦች ናቸው) እንደ 1 ተቆጥረው ብዙውን ጊዜ ያልፋሉ፤ በሲሞስ ቺፕ ላይ ግን የተንጠለጠለ መግቢያ የፈለገውን ይሆናል፣ ጣት ሲጠጋው እንኳ ሊገለበጥ ይችላል።

ከዚያ የራሱን ታሪክ አመጣ። አንድ ጊዜ የኃይል ፒኑ ጨርሶ ያልተገናኘ የሲሞስ ቺፕ ሲሠራ አይቷል። ከመግቢያዎቹ አንዱ 1 እስከሆነ ድረስ ቺፑ በመግቢያው መከላከያ ዳዮድ በኩል ኃይል እየሰረቀ ይሠራል፤ ሁሉም መግቢያዎች 0 ሲሆኑ ብቻ ያብዳል። ሰውየው ስህተቱን ሎጂኩ ውስጥ ሲፈልግ ቆይቶ የተገኘው አንድ ያልተሰካ ሽቦ ነበር። ለዚህ ክር አልጠቀመም እንጂ፣ የጋሼ ምክር በቺፑ እግር ላይ ለኪ የሚለው ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ምላሽ 3

ጠያቂዋን ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ ሲሙሌሽን የልጅ መጫወቻ ነው፣ ብሬድቦርዱን ለውጠው አለ። ምክንያት አልሰጠም። ሁለት ሰዎች ግን ወደውለታል።

ምላሽ 4

ጠያቂዋ ተመለሰች። ወንድም ሳትሆን እህት መሆኗን በቀልድ አስተካክላ የተጠየቀችውን ሁሉ በተራ መለሰች። በቺፖቹ እግር ላይ 4.9 ቮልት አለ፤ ካፓሲተሮቹ ተሰክተዋል፤ ፕሪሴቶቹ ከ5 ቮልት ጋር ታስረዋል። ከዚያ እንደ ተራ ነገር አንድ ነገር ጣል አደረገች፦ የኦሲሎስኮፑን (የቮልቴጅ ለውጥን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) ፕሮብ፣ ማለትም የመለኪያ ጫፍ፣ ናንዱ መውጫ ላይ ስታሳርፍ ወደ 8 እና ወደ 2 መዝለሉ ይቆማል፤ ስታነሳው ይመለሳል። እስከ 15 የመቁጠሩ ነገር ግን ፕሮቡ ኖረም አልኖረም አልተለወጠም።

ከክሩ ሁሉ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነበር። ቀጥለው የመጡት ሁለት መላሾች አጠገቡ አልፈውት ሄዱ።

ምላሽ 5 እና 6

5ኛው በዚህ ዘመን 74 ቁጥር ቺፕ የሚሰካ ሰው የለም፣ ኤፍፒጂኤ (ውስጡ በኮድ የሚቀረጽ ቺፕ) ላይ በቬሪሎግ (ሰርኪት በሚጻፍበት ቋንቋ) ቢጻፍ አሥር መስመር ነው፣ ችግሩም አይኖርም አለ። 6ኛው ተቆጣ፤ የክሩ ድምፅ ከዚህ በኋላ ነው የተለወጠው። ይህንኑ ዲዛይን፣ ማለትም ከቆጣሪው መውጫ የተሠራ ሪሴት (ወደ ዜሮ የመመለሻ ምልክት) ተመልሶ ያንኑ ቆጣሪ የሚያጠፋበትን፣ በቬሪሎግ ብትጽፈው ኤፍፒጂኤው ውስጥም ያው በሽታ ይጠብቅሃል አለው። ልዩነቱ እዚያ ፕሮብ የምታሳርፍበት እግር አለመኖሩ ነው። ሰው ለጠየቀው ሳይመልሱ ሌላ ዕቃ ግዛ ማለት መልስ አይደለም ብሎም ጨመረበት። ትንሽ ከረር አለ እንጂ ነጥቡ ልክ ነው።

ምላሽ 7 እና 8

7ኛው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቺፖቹ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ቁጥር ከነመሃል ፊደሎቹ። 8ኛው የጠያቂዋ መልስ ነው። ኪው0 እና ኪው1 ያሉበት 74ኤችሲ74፣ ኪው2 እና ኪው3 ያሉበት 74ኤልኤስ74፣ ናንዱ ደግሞ 74ኤችሲ00 ነው፤ ኤችሲ የሲሞስ ዓይነት ነው። የመሃል ፊደሎቹ ለውጥ ያመጣሉ ብላ አላሰበችም ነበር። ሲሙሌተሩ የሚጠይቃት ፍሊፕፍሎፕ መሆኑን ብቻ ነው።

ምላሽ 9

እዚህ ላይ ነገሩ ሥጋ ለበሰ። 9ኛው መላሽ እስከ 15 የሚቆጥርበትን ምክንያት በቮልት አስረዳ። የኤልኤስ ቺፕ 1 ስል ቢያንስ 2.7 ቮልት እሰጣለሁ ነው የሚለው። በ5 ቮልት የሚሠራ የኤችሲ ቺፕ ግን ዳታሺቱ 1 ነው ብሎ ዋስትና የሚሰጠው ከኃይሉ 70 በመቶ፣ ማለትም ከ3.5 ቮልት ጀምሮ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ የማንም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ኤችሲው ኃይሉ ግማሽ አካባቢ ላይ ስለሚወስን ነገሩ ይሠራል፤ ሰውም ልክ ነው ብሎ ይቀጥላል። አሁን ግን ኪው3 ላይ ኤልኢዲ አለ። የኤልኤስ መውጫ ከረንት ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይሆንለትም፤ ኤልኢዲው ሲጎትተው ቮልቴጁ ይወርዳል። ናንዱ ኪው3ን 1 መሆኑን ካላየ 10 ቁጥርም አልመጣም ማለት ነው፣ ቆጣሪውም መንገዱን ይቀጥላል። በሌላው አቅጣጫ፣ ከኤችሲ ወደ ኤልኤስ፣ ችግር ስለሌለ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። መፍትሔው ሁለቱንም ኤችሲ ማድረግ፣ ወይም ናንዱን ከ2 ቮልት ጀምሮ 1 ብሎ በሚቀበል የኤችሲቲ ቺፕ መተካት ነው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ችግሩ ይኸው ብቻ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ የሚል ማኅተም መታበት።

ምላሽ 10

10ኛው የመጣው በፕሮቡ በኩል ነው። ፕሮቡ ለምን ፈወሰው? ሪሴቱ ራሱን የሚገድል ምት ስለሆነ ነው ይላል። ቁጥሩ 10 ሲሆን ናንዱ ወደ 0 ይወርድና ፍሊፕፍሎፖቹን ያጸዳል፤ ነገር ግን ከኪው3 እና ከኪው1 አንዱ ቀድሞ እንደጸዳ ናንዱ ወዲያው ወደ 1 ይመለሳል። የቀረው ገና ሳይጸዳ ምቱ ካለቀ፣ ያልጸዳው እንዳለ ይቀራል። ኪው1 ከቀደመ ኪው3 ብቻውን ይቀራል፤ ያ 8 ነው። ኪው3 ከቀደመ የሚቀረው ኪው1 ነው፤ ያ 2 ነው። በመክፈቻው ላይ የተጻፉት ሁለቱ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በጥቂት አሥር ናኖሰከንዶች ውስጥ ነው። ፕሮቡ የሚጨምረው አሥር ምናምን ፒኮፋራድ የሪሴት መስመሩን ትንሽ ያዘገየዋል፤ ምቱ ይረዝምና ሁለቱም ለመጽዳት ጊዜ ያገኛሉ። ሲሙሌተሩ ለሁሉም ፍሊፕፍሎፕ እኩል መዘግየት ስለሚሰጥ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። ውድድሩ ጨርሶ አይካሄድም።

ከምላሾቹ ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል። ምልክት ሳይመርጥ፣ የተባለውን ቁጥር ከነቢቱ ወስዶ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ነው ምክንያቱ ጋ የደረሰው።

ምላሽ 11 እስከ 14

ከዚያ ጠብ። 9ኛው የጻፈው ሰው በ11ኛው ተመልሶ የናኖሰከንድ ወሬ የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ነው፣ ቮልቴጁ እያለ ይህን መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው አለ። 10ኛውን የጻፈው በ12ኛው ምላሽ ሰጠ፦ ቮልቴጁ 15ን ያስረዳል፣ 8ን ግን አያስረዳም፤ የፕሮቡን ነገር ደግሞ ጭራሽ አልነካኸውም፤ ከመከራከርህ በፊት መክፈቻውን ደግመህ አንብብ። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሁለቱም ሌላው ተሳስቷል ብለው ያመኑበት ክርክር ነው። ሁለቱም ችግሩ አንድ ነው ከሚል ግምት መነሳታቸውን ማንም ልብ አላለውም።

13ኛው መሃል ገብቶ በ24 ሜጋኸርትዝ ሎጂክ አናላይዘር (0 እና 1ን በየተወሰነ ጊዜ እያየ በሚመዘግብ መሣሪያ) ተመሳሳይ ሰርኪት አይቷል፣ ሪሴት መስመሩ ላይ ምንም ምት የለም፣ ስለዚህ 10ኛው ተሳስቷል አለ። ጋሼ በ14ኛው በእርጋታ አረሙት። 24 ሜጋኸርትዝ ማለት በየ42 ናኖሰከንዱ ገደማ አንዴ ማየት ነው፤ በሁለት እይታ መካከል ተወልዶ የሞተ ምት አይመዘገብም። መሣሪያው አላየሁም አለ እንጂ የለም አላለም። አጭር ምትን ያለ ውድ ዕቃ ለመያዝም አንድ ዘዴ ሰጡ፦ ሥራ የፈታ ፍሊፕፍሎፕ ወስዶ፣ ዲ የተባለ መግቢያውን ከ5 ቮልት አስሮ፣ የተጠረጠረውን መስመር ክሎኩ ላይ ማገናኘት። አንዲት ምት ብቻ ብታልፍ ኤልኢዲው በርቶ ይቀራል። ይህን ዘዴ ለብዙ ሰው ነግሬአለሁ፤ ብዙም ባለመታወቁ ይገርመኛል።

ምላሽ 15

ጠያቂዋ በልኬት መጣች። ኪው3 1 ሲሆን ኤልኢዲው እያለ 2.6 ቮልት፣ ኤልኢዲው ሲነቀል 3.4 ቮልት ነው። ኤልኢዲውን ስትነቅለው እስከ 15 መቁጠሩ ቆመ፤ ወደ 8 እና ወደ 2 መዝለሉ ግን ቀጠለ። ኤልኤሱን አውጥታ ኤችሲ ተካች፣ ኤልኢዲውንም መለሰች፤ 15 አልተመለሰም፣ ወደ 8 መዝለሉ ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ እንጂ አልጠፋም። እንግዲህ ሁለት በሽታ ነበር፣ አንዱ በቮልት፣ አንዱ በጊዜ። ሲሙሌተሩ ደግሞ ቮልትም አያውቅም፣ የእያንዳንዱን ቺፕ ፍጥነትም አያውቅም፤ 0 እና 1 ብቻ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ብቻ እየለወጠች መለካቷን ልብ ይሏል። ኤልኢዲውንም ቺፑንም ናንዱንም በአንድ ጊዜ ቀይራ ቢሆን ኖሮ 9ኛውና 10ኛው እስካሁን ይጣሉ ነበር።

9ኛው መላሽ ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

ምላሽ 16

መድኃኒቱ። የራስን መውጫ እያነበቡ ራስን ማጽዳት ይቅርና፣ ሁሉም ፍሊፕፍሎፕ ከአንድ ክሎክ ይመታ፤ ከ9 በኋላ ዜሮ መምጣቱም በክሎኩ ጊዜ ይወሰን። በአንድ ቺፕ ለሚፈልግ ባለ አራት ቢት ቆጣሪው 74ኤችሲ163 አለ፤ ክሊሩ የሚሠራው ክሎክ ሲመጣ ብቻ ነው። ነገር ግን ከወንድሙ ከ161 ጋር እንዳይምታታ። 161 ክሊሩ እንደተነካ ወዲያው ስለሚያጸዳ ክሊሩን ለማስነሳት የሚነበበው ቁጥር 10 ነው፤ 163 ክሎክ ስለሚጠብቅ የሚነበበው 9 ነው፣ ኪው3 ከኪው0 ጋር። አሮጌውን ሽቦ ሳይነካ ቺፑን ብቻ የቀየረ ሰው ከ0 እስከ 10፣ አሥራ አንድ ቁጥር የሚቆጥር ቆጣሪ ያገኛል።

ምላሽ 17

ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ ኃይል ሲሰጠው ከየት ይጀምራል? ፍሊፕፍሎፕ ሲበራ ምን እንደሚይዝ የሚያዘው የለም። የመጀመሪያው ዲዛይን 10፣ 11፣ 14 ወይም 15 ላይ ቢነቃ ናንዱ ይይዘዋል፤ በእነዚህ ሁሉ ኪው3 እና ኪው1 1 ናቸውና። 12 ወይም 13 ላይ ቢነቃ ግን አያየውም፤ 14 እስኪደርስ ይቆጥራል። ሲሙሌተሩ ሁልጊዜ ከዜሮ ስለሚነሳ ይህን አታዪም፤ ስለዚህ ሆን ብለሽ በፕሪሴት ፒኖቹ ኪው3 እና ኪው2ን 1 አድርገሽ ለቀሽ እዪው አላት። አሥራ ስድስት ሁኔታ ብቻ ነው ያለው፣ ሁሉንም መሞከር ይቻላል።

ምላሽ 18 እስከ 20

ከዚህ ክሩ መንገድ ሳተ፤ ግን መጥፎ መሳት አልነበረም። 18ኛው ሁሉንም መሞከር ይቻላል የሚለውን ይዞ የኢንቴልን የፔንቲየም ፕሮሰሰር የማካፈል ስህተት አመጣ፤ በ1993 ያን ያህል ኩባንያ አንድ ማካፈያ እንኳ ሳይሞክር ሸጠ ብሎ። 19ኛው ዓመቱን አረመ። ቺፑ የወጣው በ1993 ነው፣ ስህተቱ አደባባይ የወጣው ግን በ1994 ቶማስ ናይስሊ በተባሉ የሒሳብ ፕሮፌሰር አማካይነት ነው። ለማካፈያው ከሚያገለግለው ሰንጠረዥ ውስጥ 5 ቦታዎች ባዶ ቀርተው ነበር። 4195835 ለ3145727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው 1.33374 ይሰጥ ነበር። ኩባንያው በመጨረሻ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል።

20ኛው ደግሞ ሳይሞክር የሚለውን አረመ። ሁለት ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን የሚቀበል ሰርኪት 2^64 (64 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ) ያህል የግቤት ጥንድ አለው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቢሞከር ወደ 585 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ እዚያ የሚያዋጣው ናሙና መሞከር ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዡ ትክክል መሆኑን በሒሳብ ማረጋገጥ ነው፤ ትልልቆቹ ቺፕ ሠሪዎች ከዚያ በኋላ በዚህ ላይ በርትተዋል። ለአራት ቢት ቆጣሪ ግን አሥራ ስድስቱን ያልሞከረ ሰው ሰበብ የለውም። ይህቺ የመጨረሻዋ ጠያቂዋን ለመንካት የተጻፈች መሰለኝ፤ አላስፈለገችም ነበር።

ምላሽ 21 እና 22

21ኛው በሙያው ሲሙሌሽን የሚጽፍ ይመስላል። ቁም ነገሩ ሲሙሌሽን ውሸት ነው ወይስ እውነት ነው አይደለም ይላል፤ ሲሙሌሽን የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ብዙ ሰው ቴስትቤንቹን (ዲዛይኑን የሚፈትነውን ኮድ) የሚጽፈው ዲዛይኑን በጻፈበት ጭንቅላት ነው፤ ዲዛይኑ ላይ የተሳሳተው ነገር ፈተናው ላይም አብሮ ይሳሳትና ሁለቱ ተስማምተው ያልፋሉ። ስለዚህ የሚጠበቀው መልስ ከሌላ ቦታ ይምጣ፣ ለምሳሌ በተራ ፕሮግራም ከተጻፈ ቆጣሪ፤ ንጽጽሩንም ማሽኑ ይሥራው፣ ዓይን አይሥራው። በዓይን ማዕበሉን እያዩ ልክ ነው ማለት ሰው ማየት የፈለገውን የሚያይበት ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ጌትም የተለያየ መዘግየት እየሰጡ ደጋግሞ ማስኬድ ይቻላል። የዚህችን ቆጣሪ ኪው1 ከኪው3 በጣም ፈጣን አድርገሽ ብታስኬጂ 8 ሲሙሌተሩ ላይም ይወጣል አላት።

22ኛው የቬሪሎግን አንድ ወጥመድ ጨመረ። ሪሴት ያልተደረገ ፍሊፕፍሎፕ ሲሙሌሽን ውስጥ ኤክስ፣ ማለትም ያልታወቀ፣ ሆኖ ይጀምራል፤ ነገር ግን ያ ኤክስ የኢፍ (“ከሆነ”) ሁኔታ ውስጥ ከገባ ቋንቋው እንደ ሐሰት ቆጥሮ ወደ ኤልስ (“ካልሆነ”) ይሄዳል። ያልታወቀው ነገር የታወቀ መስሎ ይወጣል፣ ስህተቱም ይደበቃል። 17ኛው የተናገረው የመነሻ ሁኔታ በዚህ በኩልም ያመልጣል ማለት ነው። 5ኛው መላሽ ይህን ቢያነበው ደስ ባለኝ።

ምላሽ 23 እስከ 25

በ23ኛው ጠያቂዋ በ163 እንደሠራችው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆጥሮ እንዳልዘለለ፣ መዘግየቱን ለያይታም 8ን ሲሙሌተሩ ላይ እንዳየችው ጻፈች። 10ኛውንና 17ኛውን ለይታ አመሰገነች። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አስከተለች፦ ክሎኩን በቁልፍ ስትመታ አንድ ጊዜ ተጭና ሦስት ይቆጥራል።

24ኛው የቁልፉ ብረት ሲነካካ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚነጥር ነው፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር አድርገሽ የሚንቀጠቀጥ ምልክትን በሚያጠራው በ74ኤችሲ14 አሳልፊው ብሎ በአንድ መስመር መለሰ። 25ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ የቁልፉ ጉዳይ ራሱን የቻለ ስለሆነ አዲስ ክር ይከፈትለት ብሎ ይህን ዘጋው።